ለቡና መጥቶ ለባሕር የቀረው ሰው፤ የሄንሪ ደ ሞንፍሬድ የሕይወት ታሪክ

በጨርጨር ተራሮች ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በካርታ ነው። ይሁን እንጂ ባሕሩ ከጨርጨር የሚመስለውን ያህል የራቀ አይደለም። ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከዛሬዋ ጭሮ ተነሥቶ ቁልቁለቱን የተያያዘ መንገደኛ ሚኤሶ ላይ የባቡር ሐዲድ ያገኛል፤ ሐዲዱም በድሬዳዋ በኩል አልፎ ጂቡቲ ከውሃው ዳር ይደርሳል። የሂርና፣ የበደሳና የገለምሶ ቡና ወደ ውጭ አገር ሲሻገር የኖረው በዚሁ በር ነው። በዚሁ በር ደግሞ ከባሕር ማዶ ብዙ ዓይነት ሰው ገብቷል፤ ነጋዴው፣ ሰባኪው፣ መሐንዲሱ፣ ወሬ ለቃሚው ሁሉ መጥቶበታል። ከእነዚህ መካከል ለቡና መጥቶ ለባሕር የቀረ፣ ስለ ቀይ ባሕር ዕንቁ ጠላቂዎች በጻፈው መጽሐፍ ስሙ በዓለም የታወቀ፣ በኢትዮጵያ ዘንድ ግን በበጎ የማይነሣ አንድ ፈረንሳዊ አለ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሱ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር በምትገኘው በላ ፍራንኪ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ሠዓሊ ነበር፤ ከራሱ ሥራ ይልቅ የስመ ጥሩው ሠዓሊ የፖል ጎገን ታማኝ ወዳጅ በመሆኑ ይታወቃል። ጎገን ወደ ሩቁ የታሂቲ ደሴት ከሄደ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ኖረዋል። አባትየው ባለ ሸራ ጀልባም ስለ ነበረው ልጁ የነፋስንና የማዕበልን ጠባይ የተማረው ገና ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ነው።

በትምህርቱ ግን አልቀናውም። መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ከታላላቆቹ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። ከዚያ በኋላ ቡና እየዞረ ሸጠ፣ መኪና ነዳ፣ በወተት ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ሆነ፤ በመጨረሻም የራሱን የወተት ላሞች ይዞ ሲደክም በሽታና ኪሣራ ተባብረው ጣሉት። በ1911፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1903 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሠላሳ ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው አገሩን ለቅቆ ወደ ጂቡቲ ተሳፈረ። በዚያ ዕድሜው ሥራ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ መቀመጥ የሚጠበቅበት ሰው ዓለምን እንደ ገና ከሀ ሊጀምር መነሣቱ ነው።

የመጀመሪያ ሥራው ቡናና ቆዳ በሚነግድ የፈረንሳውያን ቤት ተቀጥሮ ከድሬዳዋ ሆኖ ሸቀጥ መግዛት ነበር። ድሬዳዋ ያን ጊዜ ባቡር ከደረሰላት ገና አሥር ዓመት ያልሞላት አዲስ ከተማ ናት፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ዘግይቶ በ1917 ነውና የሐረርጌ ደጋ ቡና በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚራገፈው እዚያ ነበር። በከተማይቱ የነበሩት አውሮፓውያን እርስ በርሳቸው እየተጋበዙ፣ ከአገሬው ተለይተው የሚኖሩ ነበሩ። ሞንፍሬድ ይህን ኑሮ አልወደደውም። ሱማሌኛና ዓረብኛ ተማረ፣ ከነጋድራሱ ይልቅ ከግመል ነጂው ጋር ተቀመጠ፣ በእግሩ ሰንደል ተጫምቶ ሽርጥ ታጥቆ ሄደ። የአገሩ ሰዎች ናቁት፤ እሱም በአጸፋው ናቃቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደመወዙን ትቶ በጂቡቲ የሸራ ጀልባ ገዛ። የእስልምናን ሃይማኖት ተቀብሎም አብድ ኤል ሐይ ተባለ፤ ትርጓሜውም የሕያው አምላክ አገልጋይ ማለት ነው።

የባሕር ሕይወቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ዕንቁንም የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ዕንቁ የሚገኘው በዛጎል ውስጥ ከሚኖር ፍጡር ነው። አንዳች ባዕድ ነገር በሥጋው መካከል ሲገባበት፣ እንስሳው ያን የሚያሳክከውን ነገር የዛጎሉን ውስጥ በሚለብጥበት በሚያንጸባርቅ ቅባት እየደራረበ ይሸፍነዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ክብ፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚመልስ ጠጠር ይሆናል። ነገር ግን ዕንቁ የያዘው ዛጎል ከብዙ ባዶዎች መካከል አንዱ ነው፤ ከላይ ሆኖ የትኛው እንደ ያዘ ማወቅም አይቻልም። ስለዚህ ጠላቂው ያገኘውን ሁሉ ለቅሞ ያወጣል። ሰደፍ የሚባለው ትልቁ ዛጎል ዕንቁ ባይኖርበትም እንኳ ለልብስ ቁልፍና ለጌጥ ሥራ ስለሚፈለግ ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜ የጀልባውን ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው።

በዳህላክ ደሴቶችና በምፅዋ አካባቢ ጠላቂዎቹ ከትልቁ ጀልባ በትንንሽ ታንኳዎች ይበተናሉ። አንዱ ይቀዝፋል፤ ሁለተኛው ታችዋ መስተዋት የሆነች ቆርቆሮ በውሃው ላይ ደፍቶ የባሕሩን ወለል ይቃኛል። ዛጎሉን ሲያይ ትንፋሹን ስቦ ይወርዳል። የመተንፈሻ መሣሪያ የለውም፤ የመጥለቂያ ልብስ የለውም፤ ያለው በደረቱ የያዘው አየር ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ፣ ሲበረታ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ ከታች ይቆያል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ዛጎሉን ከድንጋይ መፈልቀቅ፣ በከረጢቱ ማኖርና መውጣት አለበት። እንዲህ እያለ ከጧት እስከ ማታ ይመላለሳል።

የውሃ ክብደት ምን እንደሚያደርግ ለተማሪ አንባቢዎቻችን ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በምድር ላይ የምንሸከመው የአየር ግፊት አንድ ነው ብንል፣ በውሃ ውስጥ 10 ሜትር ስንወርድ ሁለት ይሆናል፤ 20 ሜትር ስንወርድ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ጠላቂው በሳንባው ይዞት የወረደው አየር በ10 ሜትር ጥልቀት በግማሽ ይጨመቃል። የጆሮው ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አፍንጫውን ይዞ አየር ወደ ጆሮው ካልገፋ ሕመሙ እንደ መርፌ ነው፤ ቸኩሎ ከወረደ ይበጣዋል። ሲወጣ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ትንፋሹ ያለቀበት ሰው ከውሃው ፊት ጥቂት ክንድ ሲቀረው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይሰምጣል። በዚህ ላይ ሻርክ አለ፤ ዕድሜ ሙሉ በጨው ውሃ የተገለጠ ዓይን አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ዕዳ ነው። የጀልባው አለቃ ናኩዳ ይባላል፤ ክረምት ከበጋ ለቤተ ሰቡ እህል የሚያበድረው እሱ ነው፤ ዕንቁውን የሚገምተውም እሱ ነው። ብድሩን ከፍሎ ነጻ የሚወጣ ጠላቂ ጥቂት ነበር። ከጠላቂዎቹም መካከል በባርነት ተሸጠው የመጡ ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ ያወጡት ዕንቁ ሁሉ የጌታቸው ነው።

ሞንፍሬድ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ዋለ፣ ከእነሱ ጋር በላ፣ ዕንቁም ገዛ። በዳህላክ በጁሜሌ ይኖር ስለ ነበረ አንድ ባለጸጋ የዕንቁ ነጋዴ የተረከው ታሪክ ከመጽሐፎቹ ውስጥ የታወቀው ክፍል ነው። ዓይኑ የሰላ ጸሐፊ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ የጠላቂውን ድካም ካየ አውሮፓዊ ሁሉ እሱ በቅርብ አይቷል። ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተን ስናስበው፣ ጀግናው ከታንኳው ላይ ያለው ሰው እንጂ ከታች ያለው አይደለም። ከታች ያለው ሰው መጻፍ አይችልም ነበርና የራሱን ታሪክ አልተወልንም። እኛ እንደሚመስለን የሞንፍሬድን መጻሕፍት ማንበብ የሚገባው ይህን በማሰብ ነው።

ዕንቁ ብቻውን አላበለጸገውም። ጦር መሣሪያ በስውር አሻገረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይም በዚሁ ነገር ጂቡቲ ላይ ታሰረ። ከእስር ሲወጣ በ1915 ከግሪክ አገር ሐሺሽ ገዝቶ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብጽ አስገባ፤ ይህንንም ከብዙ ዘመን በኋላ ሳያፍር በመጽሐፍ ገልጾታል። በባሪያ ንግድም ይታማ ነበር፤ እሱ ግን ሐሜቱን አልተቀበለም። ከታጁራ ሰላጤ ማዶ በኦቦክ ቤት ሠርቶ፣ በ1913 ካገባት ከጀርመናዊት ባለቤቱ ከአርምጋርት ጋር ልጆቹን አሳደገ። አልታይር የተባለችውን ታዋቂ ጀልባውንም ያሠራው በዚያው ነው።

ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰና የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ባለቤት ሆነ። ኮንትሮባንድ ያቃናው ገንዘብ የድሬዳዋን መብራት አበራ ማለት ነው። በቤቱ የሚያርፉት እንግዶችም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። የካቶሊክ ካህንና የጥንተ ፍጥረት ተመራማሪ የነበረው ቴያር ደ ሻርደን በ1928 መጨረሻ መጥቶ ከእሱ ዘንድ ተቀመጠ፤ በ1929 በድሬዳዋ አጠገብ ካለው ዋሻ የድንጋይ ዘመን ሰዎች የሠሩባቸውን መሣሪያዎች ያገኙት በዚህ ጉብኝት ነው። ፈረንሳውያን የጃርት ዋሻ ብለው የሰየሙት ይህ ስፍራ ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው።

በ1930 ደግሞ ጆዜፍ ኬሰል የተባለ ጋዜጠኛ የባሪያ ንግድን ነገር ሊመረምር መጣ። ሞንፍሬድ በጀልባው ጭኖት ባሕሩን አሻገረው። ኬሰልም የጓደኛውን ወግ ሰምቶ ይህን ሁሉ ጻፈው ብሎ ወተወተው ይባላል። የቀይ ባሕር ምስጢሮች የተባለው የመጀመሪያው መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ሞንፍሬድ ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በፓሪስ ዝናው በአንድ ጊዜ ናኘ። ብዕሩን ካነሣም በኋላ እስኪሞት አላስቀመጠውም፤ የመጻሕፍቱ ቍጥር ወደ ሰባ ይደርሳል።

በዚያው ዘመን የዕንቁ ነገር ራሱ እየተለወጠ ነበር። ሚኪሞቶ የተባለ ጃፓናዊ በ1893 በዛጎሉ ውስጥ ፍሬ በእጅ አኑሮ ዕንቁ ማብቀል ጀምሮ ነበርና፣ በ1920ዎቹ የጃፓን ዕንቁ የአውሮፓን ገበያ ሞላው። ቀጥሎ የዓለም ንግድ ሲወድቅ የባሕሩ ዕንቁ ዋጋ አብሮ ወደቀ። ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዎችን ሲያሰምጥ የኖረው ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳከመ።

አሁን ወደ ከበደው ምዕራፍ ደርሰናል። ሞንፍሬድ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጻፈው በመንግሥቱ ዘንድ ቍጣን አስነሣና በ1933 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሃያ ዓመት ያህል የበላበትና የነገደበት አገር ነበር። ቂሙን ይዞ የቆመው ከሙሶሊኒ ጐን ነው። በ1935 ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ በመጻሕፍትና በጋዜጣ ደገፋት፤ ጦሩ በገባም ጊዜ ጋዜጠኛ ሆኖ ከጣሊያኖች ጋር ተጓዘ። የድሬዳዋን መንገድ፣ የሐረርን ገበያ፣ የአፋሩንና የሱማሌውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን ሁሉ ለወራሪ አበደረ።

በዚያኑ ዓመት ሌላ ሰው በጄኔቭ ቆሞ ነበር። እሱም የጨርጨር አገረ ገዥ ሳሉ አሰበ ተፈሪን ያቀኑት፣ አውራጃውን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን የደከሙበት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያን ጉዳይ የተከራከሩት እሳቸው ነበሩ። ሁለቱም ሰዎች አንድ ባቡር የሚያልፍበትን አገር ያውቁታል፤ አንዱ ከደጋው፣ ሁለተኛው ከባሕሩ ወገን። አንዱ ስለዚያ አገር ነጻነት ሲናገር ሌላው ሊወረር ይገባዋል ብሎ ጻፈ። የሞንፍሬድን ጀብዱ የሚያደንቁ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ምዕራፍ በጥቂት መስመር ማለፍ ይወዳሉ፤ ለእኛ ግን የሚታለፍ አይደለም።

ጣሊያን በ1941 ድል ሆነ። ሞንፍሬድንም እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ አጋዙት። በኋላ ከእስር ቤት ወጥቶ በኬንያ ተራራ አጠገብ በአደንና በሥዕል ኖረ፤ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰው በ1947 ነው።

እሱ በኬንያ በግዞት ሳለ፣ በ1943፣ ሁለት የአገሩ ሰዎች ከዕንቁ ጠላቂዎች ኑሮ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር በፈረንሳይ ሠርተው ነበር። የባሕር ኃይል መኰንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ናቸው። ከዚያ በፊት ከውሃ በታች ለመቆየት የሚፈልግ ሰው ከባድ የመዳብ ቆብ ደፍቶ፣ አየር በቱቦ ከላይ እየተነፋለት፣ በእርሳስ ጫማ ይራመድ ነበር። እነ ኩስቶ በጀርባ የሚታዘል የታመቀ አየር ጋን ላይ አንድ ትንሽ መክፈቻ ገጠሙ። መክፈቻው ጠላቂው አየር ሲስብ ብቻ ይከፈታል፤ አየሩንም በዙሪያው ካለው ውሃ ግፊት ጋር አስተካክሎ ይሰጠዋል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰው ከታች እንደ ዓሣ ነጻ ሆኖ እንዲዋኝ ያደረገው ይህ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ኩስቶ ካሊፕሶ በተባለችው መርከቡ ቀይ ባሕር ገባ፤ በ1952 እና በ1953 ደግሞ የጣሊያን ጠላቂዎች ጓድ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ ባሉት በዳህላክ ደሴቶች ሠርቶ ከውሃ በታች ያየውን በፊልም አወጣ። ሞንፍሬድ ከላይ በመስተዋት ቆርቆሮ ያየውን ዓለም ሰው ሁሉ በሲኒማ አየው።

ዛሬ ከጭሮ ወይም ከሚኤሶ የሚነሣ ወጣት ይህን ትምህርት ለመጀመር የሚቀርበው ስፍራ ሞንፍሬድ በጀልባው ሲመላለስበት የነበረው የታጁራ ሰላጤ ነው። ከጂቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻና መስካሊ የተባሉ ሁለት ዝቅተኛ ደሴቶች አሉ። በዙሪያቸው ያለው ድንጋያማ ወለል ኮራል የተባሉ ጥቃቅን ፍጡራን ከኖራ የገነቡት ነው፤ ከውሃው ፊት ጥቂት ሜትር ብቻ ወርዶ ስለሚገኝና ውሃውም ሞቃት ስለ ሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ኮራሉን የሚቆረጥሙ ባለ ምንቃር ዓሦች፣ እንደ ቢራቢሮ የተነቀሱ ትንንሽ ዓሦች፣ በድንጋዩ ስንጥቅ የተደበቁ ዛጎሎች ይታያሉ። እጅን ሰብስቦ መዋኘት ግን ግዴታ ነው፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣ አለ፤ ኮራሉም ሲነካ ይጎዳል።

ጀማሪ በአስተማሪ እጅ ሆኖ መጀመሪያ የሚማረው ትንፋሹን ፈጽሞ እንዳይይዝ ነው፤ ከዕንቁ ጠላቂው ሥራ ጋር ፍጹም ተቃራኒ መሆኑ ነው። ከጋኑ የተሳበ አየር ከታች ተጨምቆ ሳንባን ይሞላል፤ ሰውየው ትንፋሹን ይዞ ከ10 ሜትር ቢወጣ አየሩ እጥፍ ሆኖ ሳንባውን ይቀደዋል። ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከጓደኛ አለመለየት፣ ጆሮን ቶሎ ቶሎ ማስተካከል፣ የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈም ከ18 ሜትር በታች አለመውረድ የሚጠበቁ ሕጎች ናቸው።

ለደጋ ሰው ደግሞ አንድ ሕግ ይጨመራል። በግፊት ውስጥ የተተነፈሰው አየር ከፊሉ፣ ናይትሮጂን የተባለው፣ በደም ውስጥ ይሟሟል። ሰው ወዲያው ወደ ከፍታ ቢወጣ፣ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላው፣ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጠለቀ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጧት ሙሻ ላይ ጠልቆ በዚያው ዕለት ወደ ጨርጨር ልውጣ የሚል ሰው ተራራውን እንደ አውሮፕላን ቈጥሮ አንድ ሌሊት ጂቡቲ ቢያድር ይሻለዋል።

ሙሴ ደ ሞንፍሬድ በፈረንሳይ መካከል፣ ከባሕር በራቀችው በአንግራንድ መንደር ተቀምጦ እርጅናውን በጽሕፈትና በሥዕል አሳለፈ። በፈረንሳይ አካዳሚ ለመመረጥ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። የመጽሐፎቹ ታሪክ በሲኒማና በቴሌቪዥን ታየ። ሕፃናት የሚወዱት የቤልጅጉ የሥዕል ታሪክ ጀግና ታንታን እንኳ በቀይ ባሕር ላይ ሞንፍሬድን የሚመስል ባሕረኛ ያገኛል። የሞተው ዲሴምበር 13 ቀን 1974 በ95 ዓመቱ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ የተጣላቸው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ከወረዱ ሦስት ወር ሆኗቸዋል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ከማዳጋስካር ስደት ከተመለሱ በኋላ በሂርና በእርሻ ሥራ ኖረው በ1977 ዐረፉ። በእጃቸው ጽፈው የተዉት የሕይወታቸው ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው በ2006 ነው።